መርዝን የሚበላ አፈር

አማርኛ ለሚፈውሰውም ለሚገድለውም አንድ ስም ሰጥቷል። ታማሚ የሚድንበት መድኃኒት ነው፤ ትኋንና አይጥ፣ መዥገርና አረም የሚጠፉበትም መድኃኒት ነው። ገበሬው «መድኃኒት ረጨሁ» ሲል የረጨው ነገር ገዳይ መሆኑን አይስተውም። ያ ገዳይ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን ስሙ አይነግረውም። የሆድ መድኃኒት ጊዜውን ጠብቆ ከሰውነት ይወጣል፤ የእርሻ መድኃኒትስ ከአፈር በምን ይወጣል? የሃያኛው መቶ ዓመት የኬሚካል ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ ብዙም ሳይጨነቁ ቆይተዋል። ከመልሱ ትልቁ ክፍል የተገኘው «መድኃኒቱ አልሠራ አለን» የሚል እሮሮ በተሰማባቸው ማሳዎችና የከብት መንከሪያ ገንዳዎች ውስጥ ነው። መልሱም በዓይን የማይታይ ፍጡር፣ ባክቴሪያ፣ ሆኖ ተገኘ።

በቅድሚያ መርዙ ራሱ ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይገባል። በ1939 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓውል ሙለር የተባሉ ስዊዘርላንዳዊ ኬሚስት በባዝል ከተማ፣ በጋይጊ ኩባንያ ቤተ ሙከራ፣ ዲዲቲ ነፍሳትን የመግደል ኃይል እንዳለው ደረሱበት። በጦርነቱ ዘመን ዲዲቲ የተስቦን ቅማልና የወባን ትንኝ በመግደል ዝናው ስለ ናኘ፣ ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከጦርነቱ ማግስት ሊንዴን፣ ዲልድሪን፣ ቶክሳፌን፣ ፓራታዮን፣ እንዲሁም «ቱ ፎር ዲ» የሚባለው ፀረ አረም ተከታትለው ገበያውን ሞሉት። ወደ አፍሪካ ቀንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገቡት በአራት በር ነው፤ በወባ፣ በመዥገር፣ በጥጥ እርሻና በአንበጣ። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በ1962 በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት ሲቋቋም፣ ዲልድሪን የፀረ አንበጣ ዘመቻ ዋነኛ መሣሪያ ነበር።

የእነዚህ መርዞች ተፈላጊነት በጽናታቸው ላይ የቆመ ነበር። አንድ ጊዜ ተረጭቶ ለወራት የሚገድል መድኃኒት ርካሽ መድኃኒት ነው። በዘመኑ እንደ በረከት የታየው ይህ ጽናት በኋላ እርግማን ሆኖ መጣ። ዝናብ የማያጥበው፣ ፀሐይ የማያከስመው መርዝ ከአፈር ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሰው እየተሸጋገረ መከማቸት ጀመረ።

የተማረ አፈር

አፈር መርዝን ሊበላ እንደሚችል በግልጽ ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሌስሊ ኦደስ ናቸው። ኦደስ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓን ጦር ተማርከው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ታስረው ነበር። በዚያ እስር ቤት የምርኮኞች ዓይን በቫይታሚን እጦት ሲፈዝ፣ ከተገኘው ቁሳቁስ እርሾ እያራቡ የብዙዎችን ዓይን ለማዳን ረድተዋል። ረቂቅ ፍጡርን አጋር አድርጎ መሥራትን በመከራ የተማሩት እኚህ ሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ በለንደን ቤድፎርድ ኮሌጅ ፊታቸውን ወደ አፈር አዞሩ።

ያደረጉት ሙከራ ቀላል ነበር። ቱ ፎር ዲ የተበጠበጠበትን ውኃ በአፈር ውስጥ ደጋግመው ያሳልፋሉ፤ ከዚያም በውኃው ውስጥ መርዙ መኖር አለመኖሩን የፌጦ ዘር እያበቀሉ ይመረምራሉ። የፌጦው ሥር ከቀጨጨ መርዙ አለ፤ ሥሩ ከረዘመ መርዙ ጠፍቷል። መጀመሪያ ላይ መርዙ ለቀናት ሳይነካ ይቆይና በኋላ በፍጥነት ይጠፋል። በዚያው አፈር ላይ ሁለተኛ መርዝ ሲፈስስ ግን መጠበቅ የለም፤ ወዲያው መጥፋት ይጀምራል። አፈሩ በመጀመሪያው ዙር አንድ ነገር «ተምሯል» ማለት ነው። የተማረው ደግሞ ድንጋዩና ሸክላው አልነበረም። በአፈሩ ውስጥ ከነበሩት እልፍ ባክቴሪያዎች መካከል መርዙን እንደ ምግብ መጠቀም የቻሉት ጥቂቶቹ በሁለቱ ዙሮች መካከል ተራብተው ስለነበረ ነው። ኦደስ ውጤታቸውን በ1949 አሳተሙ፤ ወዲያውም ባክቴሪያውን ለይተው ማውጣታቸውን ገለጹ።

ባክቴሪያው ይህን የሚያደርገው ለሰው አዝኖ አይደለም። መርዙ ለእርሱ ካርቦን ነው፣ ናይትሮጅን ነው፣ ፎስፈረስ ነው። የመርዙን ሞለኪውል የሚቆርጥ ኢንዛይም ያለው ባክቴሪያ ሌሎቹ ያልደረሱበት ማዕድ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። የዚህ ሁሉ ሳይንስ መሠረቱ ይኸው ነው።

«መድኃኒቱ አልሠራ አለ»

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው በፊሊፒንስ የሩዝ ማሳዎች ነው። በዚያ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም የሩዝን ቡናማ ተባይ ለማጥፋት ዲያዚኖን የተባለውን መድኃኒት ያስረጭ ነበር። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ሠራ፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን ኃይሉ እየደከመ ሄደ። እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ተባዩ መላመዱን ነው። ሴቱናታን የተባሉ ተመራማሪ ግን ማሳውን ያጥለቀለቀውን ውኃ መረመሩ። ቀድሞ ዲያዚኖን በተረጨበት ማሳ ውኃ ውስጥ መድኃኒቱ ተባዩን ሳያገኘው በፊት በባክቴሪያ እየተበላ እንደሚያልቅ በ1971 አስታወቁ። በ1973 ደግሞ ዮሺዳ ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር ባክቴሪያውን ለይተው አወጡ። ይኸው ባክቴሪያ ዲያዚኖንን ብቻ ሳይሆን ከእርሱ እጅግ የከፋውን ፓራታዮንን ጭምር የሚያፈርስ ነበር።

ለገበሬው ኪሳራ የሆነው ነገር ለሳይንሱ ግኝት ሆነ። ገበሬው ገንዘቡን ያፈሰሰበት መድኃኒት መክሸፉ ያስቆጨዋል፤ ያው መድኃኒት በማይፈለግበት ቦታ ሲፈስስ ግን የሚያከሽፈው አጥብቆ ይፈለጋል። ጥፋትና ልማት የሆኑት እንደ ቦታቸው ነው።

የዚህ ሁለት ገጽታ ግልጽ ምሳሌ የተገኘው ለአርብቶ አደር አንባቢ በሚቀርብ ስፍራ፣ በከብት መንከሪያ ገንዳ ውስጥ ነው። አሜሪካ የከብት ትኩሳት አስተላላፊውን መዥገር በ1943 ከግዛቷ ካጠፋች በኋላ፣ ከሜክሲኮ ተመልሶ እንዳይገባ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳርቻ ከብቶችን ኩማፎስ በተሞሉ ገንዳዎች ታስነክር ነበር። ከአንዳንዶቹ ገንዳዎች መድኃኒቱ ያለ ምክንያት እየጠፋ ሲያስቸግር፣ ዳንኤል ሼልተንና ጄፍሪ ካርንስ የተባሉ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ጉዳዩን ያዙት፤ በ1988ም ጥፋቱ የባክቴሪያ ሥራ መሆኑን አሳተሙ።

የገንዳው ነገር ግን ሌላ ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ። አየር ባለበት የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ኩማፎስን አፍርሰው መርዝነቱን ያሳጡታል። አየር በሌለበት ዝቃጭ ውስጥ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን ከሞለኪውሉ ላይ ክሎሪኑን ብቻ ነቅለው ፖታሳን ወደሚባል ነገር ይለውጡታል፤ ፖታሳንም ለከብት መርዝ ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ ባሉት ገንዳዎች አሲድነትን በመጨመር ባክቴሪያዎቹን ማፈን፣ አገልግሎቱን ጨርሶ በሚጣለው ውኃ ላይ ደግሞ ጠቃሚዎቹን መልቀቅ አስፈለገ። «ባክቴሪያ መርዝ ይበላል» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ «የትኛው ባክቴሪያ? በምን ሁኔታ? በልቶስ ምን ይተዋል?» የሚሉ ጥያቄዎች ሊከተሉት ይገባል።

ከሚኒሶታ እስከ ምዕራብ ኬንያ

ፓራታዮን የተፈለሰፈው በ1940ዎቹ ነው። ባክቴሪያ በምድር ላይ ቢሊዮኖች ዓመታት ኖሯል። ታዲያ ትናንት የተፈለሰፈውን መርዝ የሚቆርጥ ኢንዛይም ከየት አመጣው? በ1980ዎቹ የፊሊፒንሱ ባክቴሪያና በአሜሪካ የተገኘ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ሲነጻጸሩ ሊቃውንቱን ያስደነቀ ነገር ተገኘ። በውቅያኖስ የተለያዩት እነዚህ ሁለት ፍጡራን ፓራታዮንን የሚያፈርስ አንድ ዓይነት ዘረ መል ነበራቸው። ዘረ መሉ የሚገኘው ፕላዝሚድ በሚባል፣ ባክቴሪያ ለባክቴሪያ በሚቀባበለው ቀለበት ላይ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት እንደሚጫጫር፣ ባክቴሪያዎችም ለአዲሱ መርዝ የሚሆነውን ጥበብ ይዋዋሳሉ። ኢንዛይሙ ራሱ ቀድሞ ሌላ ሥራ ከነበረው ኢንዛይም ጥቂት ተለውጦ የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

አትራዚን የተባለው ፀረ አረም ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበቆሎና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ የዋለው ይህ መድኃኒት የጉድጓድ ውኃን በመበከል ይታወቃል። በ1995 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፀረ አረም ከፈሰሰበት ስፍራ አፈር አትራዚንን የናይትሮጅን ምንጩ ያደረገ ባክቴሪያ ማውጣታቸውን አስታወቁ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ተመሳሳዮቹ ዘረ መሎች በተለያዩ አህጉሮች ባክቴሪያዎች ውስጥ ተገኙ።

ምሥራቅ አፍሪካም በዚህ ታሪክ የራሷ ገጽ አላት። በምዕራብ ኬንያ የሸንኮራ አገዳ ማሳዎች አትራዚን ለረጅም ዘመን ተረጭቷል። ኬንያዊው ኬሚስት ዘካሪ ጌተንጋና የጀርመን ባልደረቦቻቸው ከዚያ አፈር አርትሮባክተር ከሚባለው ወገን የሆነ ባክቴሪያ ለይተው፣ አትራዚንንና ዘመዱን ተርቡቲላዚንን እንደሚያፈርስ በ2009 አሳተሙ። ባክቴሪያው ከሚኒሶታ በዕቃ ታሽጎ አልመጣም። የአገዳው ገበሬ እግሩን ሲያሳርፍበት በኖረው አፈር ውስጥ፣ ከመርዙ ጋር አብሮ ኖሮ፣ መርዙን መብላት የቻለ የአገሩ ተወላጅ ነው።

በርሜሉና አፈሩ

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የሚያጓጓ ነው። በዚህ ምክንያትም በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ብዙ ሊቃውንት፣ ባክቴሪያ ሊያፈርሰው የማይችል ኦርጋኒክ ነገር የለም እስከማለት ደርሰው ነበር። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ማርቲን አሌክሳንደር ግን በ1965 ባወጡት ጽሑፍ ይህን እምነት ሞገቱ፤ ባክቴሪያም እንደሚሳነው፣ የማይበገሩ ሞለኪውሎችም እንዳሉ አስገነዘቡ። ዲዲቲ ዋናው ምስክር ነው። ባክቴሪያ ዲዲቲን ጨርሶ ሳይበላ ዲዲኢ ወደሚባል ቅሪት ይለውጠውና ይተወዋል፤ ዲዲኢም ለዐሥርት ዓመታት ይቆያል። በኢትዮጵያ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በዓሦቹ አካል ውስጥ የዲዲቲን ወገኖች፣ በተለይም ይህንኑ ዲዲኢ፣ አግኝተዋል።

ከዚህም የከበደው ጉዳይ ጨርሶ ያልተረጨው መርዝ ነው። በአንበጣና በወባ ዘመቻ ስም፣ በልገሳም በግዢም፣ ወደ አፍሪካ የገቡ ፀረ ተባዮች ሳይሠራባቸው ጊዜያቸው እያለፈ፣ በርሜሎቻቸው እየዛጉ በየመጋዘኑ ቀሩ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በመላው አፍሪካ የተከማቸውን እስከ 50,000 ቶን ገምቶት ነበር። በኢትዮጵያ ብቻ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተጠራቀመው ከ3,000 ቶን እንደሚበልጥ ታወቀ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከዚህ ውስጥ 1,500 ቶን ያህሉ በልዩ መያዣ እየታሸገ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተወሰደና በሪሂማኪ ከተማ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። በ2005 የተጀመረው የአፍሪካ አሮጌ ፀረ ተባዮች ማስወገጃ ፕሮግራምም ኢትዮጵያንና ታንዛኒያን ጨምሮ ሰባት አገሮችን በመጀመሪያው ዙር አቀፈ።

ይህን ሁሉ በርሜል ውቅያኖስ ከማሻገር ይልቅ ለባክቴሪያ መስጠት አይቻልም ነበርን? አይቻልም። ንጹሕ መርዝ በሞላበት በርሜል ውስጥ ባክቴሪያውም ይሞታል። የባክቴሪያ ችሎታ በአፈርና በውኃ ውስጥ በተበተነው፣ በሳሳው መርዝ ላይ ነው። ለበርሜሉ ምድጃ፣ ለአፈሩ ባክቴሪያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የዚህ ልዩነት ዋጋ በታንዛኒያ ቪኩጌ ታይቷል። ከዳሬ ሰላም ብዙም በማይርቀው በዚህ ስፍራ ዲዲቲና ሌሎች መርዞች በ1986 በልገሳ ስም ገብተው ነበር። ማከማቻው ፈርሶ መርዙ በዝናብና በፀሐይ ላይ ዋለ። በኋላ ክምችቱ ተነሣ፤ ጽዳቱም ተጠናቀቀ ተባለ። በ2004 የታተመ ጥናት ግን ከጽዳቱ በኋላም የአፈሩ ብክለት እጅግ ከባድ ሆኖ መቆየቱን አሳየ። በርሜል ሲነሣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ መዝገብ ይዘጋል። ከበርሜሉ ሥር ያለው አፈር ግን እዚያው ይቀራል፤ ሕፃናት ይጫወቱበታል፣ ከብት ይግጥበታል፣ ዝናብ ወደ ጉድጓድ ውኃ ያወርደዋል።

የደም ዱቄትና የሞተ ባክቴሪያ

እንዲህ ያለውን አፈር በባክቴሪያ ለማዳን የተደረጉ ሙከራዎች በሁለት መንገድ ተጉዘዋል። አንደኛው መንገድ ችሎታ ያለውን ባክቴሪያ ወይም ኢንዛይሙን ከውጭ ማምጣት ነው። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ግዛት አትራዚን በፈሰሰበት አፈር ላይ ተመራማሪዎች አትራዚንን የሚቆርጠውን ኢንዛይም በብዛት እንዲያመርት ዘረ መሉ የተለወጠ ባክቴሪያ ጨመሩ። ሰው ሠራሹ ፍጡር በአካባቢው እንዳይራባ አስቀድመው ገደሉት፤ ኢንዛይሙ ግን በሬሳው ውስጥ መሥራቱን ቀጠለ። በ2000 በታተመው ውጤት መሠረት ከ8 ሳምንት በኋላ የአትራዚኑ መጠን በ52 በመቶ ቀነሰ። ፎስፌት በተጨመረበት ደግሞ በ77 በመቶ ቀነሰ። ምንም ባልተጨመረበት መደብ የታየ ጉልህ ለውጥ አልነበረም። አውስትራሊያም ከአፈር ባክቴሪያ ከተገኘ ኢንዛይም የተሠራ ዱቄት ለበግና ለከብት መንከሪያ ውኃ ማምከኛ እስከማዋል ደርሳለች።

ሁለተኛው መንገድ በስፍራው ያሉትን ባክቴሪያዎች መቀለብ ነው። በአሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ ግዛት የበግና የከብት መንከሪያዎች አካባቢ ያለው አፈር በቶክሳፌን ተበክሎ ነበር፤ ይኸው ቶክሳፌን በምሥራቅ አፍሪካ መንከሪያዎችም ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ነው። መፍትሔው እንደ ተራ እርሻ ሥራ የሚቆጠር ነበር። የተበከለውን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ ከደረቀ የከብት ደም ዱቄትና ከፎስፌት ጋር ማደባለቅ፣ ውኃ በማያሰርግ ጉድጓድ ውስጥ በውኃ ማጥለቅለቅ፣ አየር እንዳይገባው ሸፍኖ ለወራት መተው። በደሙ የተቀለቡት ባክቴሪያዎች አየር ሲያጡ በቶክሳፌኑ ላይ ይዘምታሉ፤ ክሎሪኑንም እየነቀሉ ይጥሉታል። በገንዳው ዝቃጭ ውስጥ ጉዳት ያስከተለው የአየር እጦት፣ እዚህ ደግሞ ጥቅም ሆነ።

ለዚህ አካባቢ አንባቢ ሁለተኛው መንገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ደም በየቄራው ይፈስሳል፤ ባክቴሪያው በየአፈሩ አለ። የሚጎድለው የእጅ ጥበብ ወይም ውድ መሣሪያ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው መዝገብ ነው። የትኛው መጋዘን ግቢ ምን ፈሰሰበት? የትኛው መንከሪያ ገንዳ በየትኛው ዘመን በምን መድኃኒት ተሞላ? ለዲዲቲ የሚሆነው ዘዴ ለፓራታዮን አይሆንም፤ ለቶክሳፌን የሚስማማው የአየር እጦት ለኩማፎስ አደጋ ነው። መርዙ ሳይታወቅ ባክቴሪያ መላክ የበሽታውን ስም ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

ጉዳዩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2019 እስከ 2021 በዘለቀው የአንበጣ ወረራ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በአጎራባች አገሮች ሰፊ መሬት በፀረ ተባይ ተረጭቷል። ሶማሊያ በዚያ ዘመቻ አንበጣን ብቻ የሚያጠቃ ፈንገስ መጠቀሟ ሌላም አማራጭ እንዳለ አሳይቷል። ከዘመቻው ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ክሎርፒሪፎስ በ2025 በስቶክሆልም ስምምነት ሊወገዱ ከሚገባቸው ዘላቂ መርዞች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ትናንት የዲልድሪን በርሜል ክልከላ ሲመጣበት በመጋዘን ተረስቶ እንደ ቀረው፣ ዛሬም የተከለከለው ኬሚካል የት እንዳለ ቆጥሮ የሚይዝ ከሌለ ያው ታሪክ ይደገማል።

ኦደስ በፌጦ ሥር፣ ሴቱናታን በሩዝ ማሳ ውኃ፣ ሼልተንና ካርንስ በከብት ገንዳ፣ ጌተንጋ በአገዳ አፈር ያገኙት ሁሉ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። መርዙን የሚበላው ፍጡር በተደጋጋሚ የተገኘው መርዙ በኖረበት ስፍራ ነው፤ ወደዚያ ስፍራ የመራውም ብዙውን ጊዜ የተጠቃሚው እሮሮ ነው። አንድ ገበሬ ወይም አርቢ «መድኃኒቱ እንደ ድሮው አይሠራም» ሲል ነጋዴው አጭበርብሮት ወይም ተባዩ ተላምዶ ሊሆን ይችላል። አፈሩ ተምሮም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማሳ አንድ እፍኝ አፈር አንሥቶ መመርመር፣ ስፍራውንና የተረጨውን መድኃኒት መዝግቦ ማኖር፣ በቪኩጌና በመሰል ስፍራዎች ለቀረው አፈር የሚሆነው ፍለጋ የሚጀመርበት ሥራ ነው።